«በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ» ብለሽ አትፈርሚ

የምክር ዓምድ

የአንባቢያችን ደብዳቤ፣ አሳጥረነው፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ የምሠራ የ24 ዓመት ሴት ነኝ። ከገባሁ 1 ዓመት ከ5 ወር ሆነኝ። ውሌ በየ6 ወሩ እየታደሰ ነው የመጣው፤ ያሁኑ መጋቢት 30 ያልቃል። የመጀመሪያ ልጄን ነፍሰ ጡር ነኝ። ጤና ጣቢያ ‹ሚያዝያ 22 ገደማ ትወልጃለሽ› ብለውኛል። ሱፐርቫይዘሬ ‹መልቀቂያ አስገቢ፣ ወልደሽ ስትጠነክሪ እንመልስሻለን፤ ለኮንትራት ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ የለም› ይለኛል። የሰው ሀብት ቢሮ ስጠይቅ ደግሞ ‹ሦስት ወር ነው፣ እሱም ለቋሚ› አሉኝ። እስካሁን የማታ ሺፍት ያስገቡኛል። ባለቤቴ ደሴ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ተቀጥሮ ይሠራል። መውለድ የምፈልገው ወረኢሉ እናቴ ጋ ነው። ፈቃድ አለኝ ወይ? ደመወዜን ማን ይከፍለኛል? ለባለቤቴስ ፈቃድ አለው? ዘ.፣ ከኮምቦልቻ»

ውድ እኅታችን ዘ.፣

አብሽሪ፣ ፈቃድ አለሽ። ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የ120 ቀን ፈቃድ አለሽ። ግን ጊዜው ቅርብ ነው፤ አንድ ወር ያህል ነው የቀረሽ፤ ስለዚህ በቅድሚያ ማድረግ ከሌለብሽ ነገር እንጀምር። ሱፐርቫይዘርሽ ያለሽን የመልቀቂያ ማመልከቻ አታስገቢ። ‹ለፎርማሊቲ ነው› ቢሉሽም፣ ጽሑፉን እነሱ አዘጋጅተው ‹እዚህ ጋ ብቻ ፈርሚ› ቢሉሽም፣ ባዶ ወረቀት ቢያቀርቡልሽም አትፈርሚ። ሕጉ ነፍሰ ጡርን የሚጠብቀው አሠሪው እንዳያሰናብታት ነው። ራሷ ‹በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ› ብላ ከፈረመች ግን ተሰናበተች ማለት አይቻልም፤ ለቀቀች ነው የሚባለው። ያኔ የወሊድ ፈቃዱም፣ የ4 ወር ደመወዙም፣ ወደ ሥራ የመመለስ መብቱም አብሮ ይሄዳል። ‹እንመልስሻለን› የሚለው የአፍ ቃል ፍርድ ቤት ቆሞ አይመሰክርልሽም። ቢመልሱሽ እንኳ የአገልግሎት ዘመንሽ ከዜሮ ይጀምራል፤ የዓመት ፈቃድሽም እንደ አዲስ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ሕጉ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ስለሆንሽ አንቺን የሚገዛሽ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የወሊድ ፈቃድ ያለው አንቀጽ 88 ላይ ነው፤ ከመውለድሽ በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን፣ ሁለቱም ከደመወዝ ጋር። የሰው ሀብት ቢሮው ‹ሦስት ወር› ያለሽ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ከዚህ በፊት ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 60፣ በድምሩ 90 ቀን ነበር የሚሰጠው። ያ አዋጅ ከተሻረ ዓመታት አልፈዋል፤ ቁጥሩ ግን በሰው አፍና ባልታደሰ የድርጅት መመሪያ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ‹ሦስት ወር› ሲሉሽ መጨቃጨቅ አያስፈልግሽም። ‹አዋጅ 1156፣ አንቀጽ 88ን አብረን እንየው› በያቸው። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ የወጣ ስለሆነ ገጹን አሳትመሽ መያዝ ትችያለሽ። ከሦስት ሰው ክርክር አንድ የታተመ ገጽ ይበልጣል።

‹ለኮንትራት የለም› የሚለው ደግሞ ከዚህ የባሰ ስሕተት ነው። አንቀጽ 88 ‹ነፍሰ ጡር ሠራተኛ› ነው የሚለው፤ ቋሚና ኮንትራት ብሎ አይለይም፣ ‹ይህን ያህል ወር ያገለገለች› የሚል ቅድመ ሁኔታም የለውም። የደመወዝ ጉዳይ ከሕገ መንግሥቱም ይነሣል፤ አንቀጽ 35 ሴቶች የወሊድ ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

ውልሽ ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ በእኛ እይታ ትልቁ አደጋሽ እዚህ ላይ ነው። መጋቢት 30 ልክ የቅድመ ወሊድ ፈቃድ ላይ የምትሆኝበት ጊዜ ነው። ድርጅቱ ‹አላባረርናትም፣ ውሏ አልቆ ነው› ሊል ይችላል። እውነትም ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ጊዜው ሲያልቅ ይቋረጣል። ጥያቄው ያንቺ ውል በእርግጥ የዚያ ዓይነት ነው ወይ የሚለው ነው። በአዋጁ አንቀጽ 9 መሠረት ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ አንቀጽ 10 ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች ውስጥ ካልገባ በቀር። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ለምሳሌ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረ ሠራተኛን መተካት፣ ከወትሮው የተለየ የሥራ ጫና ሲመጣ፣ ወቅታዊ ሥራ፣ አስቸኳይ ሥራ የመሳሰሉት ናቸው። አንቺ ከ1 ዓመት በላይ ያው ፋብሪካ፣ ያው ላይን፣ ያው ማሽን ላይ ነሽ፤ ሥራው በማንም ቦታ የተተካሽበት አይደለም፤ ፋብሪካው ልብስ እስከሰፋ ድረስ የሚቀጥል ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ወረቀቱ በየ6 ወሩ ስለታደሰ ብቻ ጊዜያዊ አይሆንም። ይህን ለማስረዳት ግን እስካሁን የፈረምሻቸው ሦስቱም ውሎች ያስፈልጉሻል። ቅጂ ካልሰጡሽ አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቂ፤ በእጅሽ ያለውን ደግሞ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ለባለቤትሽ ላኪው። የደመወዝ መግለጫ ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የመታወቂያ ካርድሽ ፎቶ፣ ሁሉም ያለማቋረጥ መሥራትሽን ያሳያል።

እዚህ ላይ አሠሪዎች ሲያማርሩ የምንሰማውን አንድ ነገር እንመልስ። ‹እሷ 4 ወር ስትቀር ማሽኑ ላይ ማን ይቀመጣል?› ይላሉ። ሕጉ አስቦበታል። በፈቃድ የቀረን ሠራተኛ ለመተካት ሌላ ሰው ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የተፈቀደው ለዚሁ ነው። ሴትዮዋን ማስለቀቅ ግን የተፈቀደ መንገድ አይደለም። ደመወዙን በተመለከተ ግን የአሠሪውን ጭንቀት እንረዳለን፤ አገራችን ውስጥ የወሊድ ደመወዝ የሚከፍል የመድን ፈንድ የለም፤ ወጪው በቀጥታ የአሠሪው ነው። የጡረታ መዋጮ ከደመወዝሽ 7 በመቶ ቢቆረጥም፣ ድርጅቱም 11 በመቶ ቢጨምርበትም፣ ያ ገንዘብ ለጡረታ እንጂ ለወሊድ አይደለም። ነፍሰ ጡር ስታይ ፊቱ የሚጠቁር ኃላፊ የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ይመስለናል። ወጪው የጋራ መሆን ነበረበት ብለን እናምናለን። እስከዚያው ግን ሕጉ ያስቀመጠው አሠሪው ላይ ነው፣ አንቺም ልታዝኚለት አይገባም።

የሚከፈልሽ ምን ያህል ነው? ደመወዝሽ። አዋጁ ‹ደመወዝ› ሲል የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ የትራንስፖርት አበልን፣ ቦነስንና ለተጨማሪ የሥራ ውጤት የሚሰጥ ማበረታቻን አይጨምርም። ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ከእነዚህ የሚገኘው ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ ያለ መቅረት ቦነስና የምርት ማበረታቻ ሲቀር እጅሽ የሚገባው ከለመድሽው ያንሳል። ይህ ከወዲሁ ይታወቅሽ፤ ለአራስ ቤት ወጪ ስታስቢ በመነሻ ደመወዝሽ ነው ማስላት ያለብሽ። ግብርና ጡረታ እንደ ወትሮው ይቆረጣል። ከዚያ ውጭ ‹ፈቃድ ላይ ናት› ተብሎ ግማሽ ደመወዝ መክፈል፣ ወይም ‹ስትመለሽ እንከፍልሻለን› ብሎ ማዘግየት አይቻልም። ደመወዙ ሌላው ሠራተኛ በሚከፈልበት ቀን ይከፈላል።

የማታ ሺፍቱ ዛሬ መቆም አለበት። አንቀጽ 87 ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም ሆነ በትርፍ ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል። የአንቺ ፈቃደኝነት አይጠየቅበትም፤ ‹እሷ ተስማምታ ነው› የሚል መልስ አያስኬድም። በዚያው አንቀጽ ሥራው ለአንቺ ወይም ለጽንሱ ጤና አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ የሥራ ቦታ ሊያዛውሩሽ ይገባል። የእድፍ ማስለቀቂያ ኬሚካል አጠገብ ወይም ሙሉ ቀን ቆሞ የሚሠራበት ቦታ ከሆንሽ ለጤና ባለሙያዋ የሥራውን ዓይነት በግልጽ ንገሪያት። ‹ይደክመኛል› ብቻ ካልሻት ‹ዕረፍት ያስፈልጋታል› ብላ ነው የምትጽፈው፤ ‹ቀን 8 ሰዓት ቆሜ፣ ኬሚካል እየሸተተኝ› ካልሻት ግን ቦታ እንዲቀየርልሽ ልትጽፍ ትችላለች።

ለእርግዝና ክትትል የምትሄጂባቸው ቀናትም ከደመወዝ ጋር ናቸው፤ አሠሪው የሐኪም ማስረጃ ሊጠይቅሽ ይችላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት የቀጠሮ ካርዱን ብቻ አሳይተው በመመለስ ነው። ካርዱ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ነው፤ ዛሬ መምጣትሽን አያሳይም። ከጤና ጣቢያ ከመውጣትሽ በፊት ‹በዚህ ቀን ለክትትል መጥታለች› የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ያዥ። ያለ ማስረጃ የቀረሽባቸው ቀናት ተጠራቅመው ‹ያለ ፈቃድ ቀርታለች› ተብሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ነው ጉዳዩ የሚከብደው፤ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በኋላ በ6 ወር ውስጥ 5 ቀን መቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ለመሰናበት ምክንያት ይሆናልና። እርግዝና ከዚህ አያድንም። አንቀጽ 87 ከእርግዝናሽ ጀምሮ ከወለድሽ በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ እንዳትሰናበቺ ይከለክላል፤ ነገር ግን በከባድ ጥፋት የሚደረግ ስንብትን አይከለክልም። አስለቃሹ ሱፐርቫይዘር ሰበብ የሚፈልገውም እዚያ ነው። በቀሩት ሳምንታት ሰዓት አክብሪ፣ ያለ ወረቀት አትቅሪ፣ ከታመምሽ ደግሞ በማግሥቱ አሳውቂ።

አሁን ወደ ዋናው ወረቀት እንምጣ። ከጤና ጣቢያ የምታስጽፊው ማስረጃ ላይ ሙሉ ስምሽ በመታወቂያሽና በውልሽ ላይ እንዳለው፣ የካርድ ቁጥርሽ፣ ነፍሰ ጡር መሆንሽ፣ ትወልጃለሽ ተብሎ የሚገመትበት ቀን፣ የባለሙያው ስምና ፊርማ፣ የተቋሙ ማኅተም ይኑር። ስለ ቀኑ አደራ። ጤና ጣቢያዎች በእኛ ዘመን አቆጣጠር ‹22/8/2018› ብለው ይጽፋሉ። የውጭ ባለቤት ባለበት ፋብሪካ ይህን የምታነብ የደመወዝ ክፍል ሠራተኛ ‹ኦገስት 22፣ 2018› ብላ ብታነበው ማስረጃሽ ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈበት ወረቀት ይሆናል። ይህ እየሆነ ፈቃድ የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ወሩ በፊደል ይጻፍ፤ ‹ሚያዝያ 22 ቀን 2018 ዓ.ም.›። በማመልከቻሽ ላይ ደግሞ አንቺ ራስሽ አያይዘሽ ‹በፈረንጆች አቆጣጠር ኤፕሪል 30፣ 2026› ብለሽ ጨምሪበት።

ከሚያዝያ 22 ወደኋላ 30 ቀን ስትቆጥሪ መጋቢት 22 ላይ ትደርሻለሽ፤ በፈረንጆች ማርች 31 ነው። የቅድመ ወሊድ ፈቃድሽ ቢዘገይ ከዚያ ቀን መጀመር አለበት። ማመልከቻውን ግን እስከዚያ አታቆዪው፤ በዚህ ሳምንት አስገቢ። እንዲህ አድርገሽ መጻፍ ትችያለሽ፦

«ለ………… ፋብሪካ የሰው ሀብት አስተዳደር። ጉዳዩ፦ የወሊድ ፈቃድ ስለመጠየቅ። እኔ ………… በስፌት ክፍል በመታወቂያ ቁጥር ………… የምሠራ ሠራተኛ ነኝ። ነፍሰ ጡር ስሆን፣ ከዚህ ጋር ባያያዝኩት የሕክምና ማስረጃ መሠረት የምወልድበት ጊዜ ሚያዝያ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኤፕሪል 30፣ 2026) እንደሚሆን ተገምቷል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 88 መሠረት ከመጋቢት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. (ማርች 31፣ 2026) ጀምሮ የ30 ቀን የቅድመ ወሊድ ፈቃድና ከወለድኩበት ቀን ጀምሮ የ90 ቀን የወሊድ ፈቃድ ከደመወዝ ጋር እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ። እስከዚያም በአንቀጽ 87 መሠረት ከማታ ሺፍትና ከትርፍ ሰዓት ሥራ እንድነሣ እጠይቃለሁ። ስም፣ ፊርማ፣ ቀን።»

ይህን በሁለት ቅጂ ጽፈሽ አንዱን ስጪ፤ ሁለተኛው ላይ ‹ደርሶኛል› አስብለሽ፣ ስምና ቀን አስጽፈሽ፣ ቢቻል ማኅተም አስመትተሽ ያዥ። መዝገብ ቤት ካለ የገቢ ቁጥር ይሰጡሻል፤ ቁጥሩን ጻፊው። ‹አንቀበልም› ካሉሽ አትጣዪ። ፖስታ ቤት ሄደሽ በአደራ ደብዳቤ ላኪው፤ ደረሰኙ መላክሽን ያረጋግጣል። ፋብሪካው ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ሦስተኛ ቅጂ ለማኅበሩ ይሂድ። ሱፐርቫይዘሩ የሚለውን ሁሉ ደግሞ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰማ ሰው ካለ ስሙን ጨምረሽ በደብተር አስፍሪ።

የፈቃድ ደብዳቤ ሲሰጡሽ የሚጀምርበት ቀን፣ ‹ከደመወዝ ጋር› የሚለው ቃልና ወደ ሥራ የምትመለሺበት ሁኔታ በግልጽ መኖሩን አይተሽ ተቀበዪ። ‹ከዓመት ፈቃድ ተቀናሽ› የሚል ነገር ካገኘሽ ወዲያው እንዲታረም ጠይቂ፤ የወሊድ ፈቃድና የዓመት ፈቃድ አይደራረቡም።

ልጅ በቀጠሮ አይመጣም፤ ስለዚህ ሁለቱንም እንይ። በሠላሳው ቀን ውስጥ ካልወለድሽ እስክትወልጂ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ አለሽ፤ እሱም የሚሰጠው በሐኪም ማስረጃ ነው። ሚያዝያ 22 ካለፈ ቤት ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ፤ ለጤናሽም ስለሚያስፈልግ ወደ ጤና ተቋም ሄደሽ ተመርመሪ፣ ወረቀቱንም አስጽፈሽ ላኪ። የተጨመሩት ቀናት ከ90ው አይቀነሱም፤ 90ው የሚቆጠረው ከወለድሽበት ቀን ነው። በተቃራኒው ሠላሳው ሳያልቅ ከወለድሽ የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ ያኔውኑ ይጀምራል፤ የቀሩት የቅድመ ወሊድ ቀናት ወደ ኋላ አይተላለፉም። ‹ቀኑን አጠራቅሜ ከልጄ ጋር ልረፍበት› ብለው እስከ መጨረሻው ሳምንት ማሽን ላይ የሚቆዩ እናቶች አሉ። ሐሳባቸው ይገባናል፤ ነገር ግን አንዱን ቀን እንኳ አያተርፉበትም፤ ድካሙ ብቻ ነው የሚቀራቸው።

ወረኢሉ እናትሽ ጋ መውለድሽ ጥሩ ነው፤ አራስን ቤተሰብ እንደሚያርሳት ማን ያርሳታል? ሁለት ነገር ብቻ አትርሺ። መንገዱን ለመጨረሻዎቹ ቀናት አታቆዪው፤ ፈቃድሽ እንደ ጀመረ፣ የሚከታተሉሽ ባለሙያዎች ‹ትችያለሽ› ካሉሽ፣ ያኔ ሂጂ፤ የክትትል ካርድሽን ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያ እንደ ደረስሽ በቅርብ ባለው ጤና ተቋም ተመዝገቢ። በመንግሥት ጤና ተቋም የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው። ሁለተኛው፣ ቤት ሳይሆን ጤና ተቋም ውለጂ። ከሁሉ የሚቀድመው ያንቺና የልጅሽ ሕይወት ቢሆንም ለፈቃድሽም ይጠቅምሻል፤ የወለድሽበትን ቀን የሚያሳየው ማስረጃ የሚገኘው ከዚያ ነው፣ የ90ው ቀን መነሻም እሱ ነው። የማስረጃውን ፎቶ ባለቤትሽ ለሰው ሀብት ቢሮ በስልክ ይላክ፣ ዋናውን ደግሞ በእጁ ወስዶ ያስረክብ፣ ‹ደርሶኛል› አስብሎ። የልደት ምዝገባም በ90 ቀን ውስጥ መከናወን አለበት፤ የሚመዘገበው በመደበኛ መኖሪያችሁ ቀበሌ ስለሆነ ከወረኢሉ ሳትመለሺ ጊዜው እንዳያልፍ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሩበት።

ባለቤትሽ የግል ድርጅት ሠራተኛ እንደመሆኑ ልጁ ሲወለድ በአንቀጽ 81 መሠረት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር አለው። ትንሽ ነው። በጣም ትንሽ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ ከደሴ ወረኢሉ ሄዶ ልጁን አይቶ፣ ምስክር ወረቀቱን አስጨርሶ፣ ተመልሶ ሥራ ለመግባት እንኳ ጥብቅ ነው። ለማነጻጸር፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለአባት 10 የሥራ ቀን ነበር የሰጠው። ባለቤትሽ ከዓመት ፈቃዱ ጥቂት ቀን እንዲጨምርበት ከአሁኑ ለመደብሩ ባለቤት ይንገር። ልጅ ወይም አንቺ በድንገት ከታመማችሁ ደግሞ ለልዩና አሳሳቢ ጉዳይ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፤ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ይህኛው ላንቺም ይሠራል።

ካሰናበቱሽስ? ወይም መጋቢት 30 ላይ ‹ውልሽ አልቋል› ካሉሽስ? የስንብት ደብዳቤውን ተቀበዪ፤ የምትፈርሚ ከሆነ ‹መድረሱን ብቻ፣ አልስማማበትም› ብለሽ ጽፈሽ ፈርሚ። ከዚያ በከተማው ሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት (ቀድሞ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ይባል የነበረው) የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያዎችን አነጋግሪ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው በአንድ የስልክ ጥሪ ወይም በተቆጣጣሪ ጉብኝት ይፈታል። ካልተፈታ ፍርድ ቤት ነው፤ የሥራ ክርክር የሚያይ ችሎት አለ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ጉዳዩ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወሰን ሕጉ ያዛል።

ይህን ግን አስምሪበት፦ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ የሚቀርበው ከተሰናበትሽበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ብቻ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ ደግሞ መከፈል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ። ነፍሰ ጡር ወይም አራስ እያለች የተሰናበተች ሴት ብዙውን ጊዜ መብቷን የምታጣው ሕጉ ስላልደገፋት አይደለም። አራስ ቤት ሳለች ሦስቱ ወር ሳታውቀው ያልፋል፤ ‹ልጁ ጠንከር ሲል እከሳለሁ› ስትል በሩ ይዘጋል። ሥራና ሥልጠና ቢሮ አቤቱታ ማስገባትሽም ፍርድ ቤት ክስ እንደመክፈት አድርገሽ አትቁጠሪው። አንቺ ወረኢሉ ተኝተሽ ሳለ ይህ ቢደርስ ባለቤትሽ ወይም ወንድምሽ በውክልና እንዲንቀሳቀስልሽ፣ ከመሄድሽ በፊት የውክልናውን ጉዳይ ጨርሺ። ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ስላለ፣ ነፃ የሕግ ምክር ስለማግኘት እዚያ ጠይቁ። ፍርድ ቤቱ ስንብቱ ሕገወጥ ነው ብሎ ወደ ሥራ ካልመለሰሽ ደግሞ፣ ውልሽ ላልተወሰነ ጊዜ ነው ከተባለ፣ ከማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ በተጨማሪ የአማካይ የቀን ደመወዝሽ 180 እጥፍ ካሣ ይከፈልሻል።

መመለሻሽንም ካሁኑ አስቢበት። አዋጅ 1156 ለምታጠባ እናት የተለየ የማጥቢያ ሰዓት አላስቀመጠም፤ የማታ ሺፍት ክልከላውም የሚናገረው ስለ ነፍሰ ጡር ነው። ይህ የሕጉ ክፍተት ነው፤ ሕፃን ለ6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲያገኝ እየተመከረ፣ እናቱ ደግሞ ከዚያ ቀድማ ማሽን ላይ ትመለሳለች። ክፍተቱን የሚሞላው የኅብረት ስምምነት ነው። ማኅበራችሁ ከፋብሪካው ጋር የተፈራረመው ስምምነት ካለ የማጥቢያ ሰዓትና የሕፃናት ማቆያ ስለመኖሩ ጠይቂ፤ ከሌለበት በሚቀጥለው ድርድር እንዲገባ አሁን ተናገሪ፤ ከአንቺ ጋር ስንት ነፍሰ ጡሮች አሉ!

ከ1 ዓመት በላይ ስላገለገልሽ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለሽ። እስካሁን ካልወሰድሽው ከወሊድ ፈቃዱ ማብቂያ ጋር እንዲያያዝልሽ ማመልከቻ አስገቢ። የዓመት ፈቃድ ጊዜን የሚወስነው አሠሪው በፕሮግራም ስለሆነ ቀድመሽ ከጠየቅሽ ነው የሚቀናሽ፤ በመመለሻሽ ዋዜማ ብትጠይቂ ‹ሰው የለም› ይሉሻል። ከወሊድ በኋላ ጤናሽ ካልተመለሰ ደግሞ በሐኪም ማስረጃ የሕመም ፈቃድ አለ፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ ከዚያ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ።

ወተት አልቦ ማስቀመጥን ከመመለስሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ጀምሪ፤ አንቺም ትለምጂዋለሽ፣ ልጁም በኩባያና በማንኪያ መውሰድ ይለምዳል። እጅሽን ታጥበሽ፣ በፈላ ውኃ በተጸዳ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አልቢው። ማቀዝቀዣ ከሌለ ጥላ ውስጥ እስከ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ሲበረታ ግን ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይጠጣ። ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ፋብሪካ ውስጥ ጡትሽ ሲሞላ ሳታልቢው ሙሉ ሺፍት አትዋዪ፤ ጡቱ ይቆጣል፣ ወተቱም እየቀነሰ ይሄዳል። በምሳ ሰዓትሽ ንጹሕ ቦታ ፈልገሽ፣ ሽንት ቤት ሳይሆን፣ አልቢ፤ የክሊኒኩን ክፍል ለዚህ እንዲፈቅዱልሽ የፋብሪካውን ነርስ አስቀድመሽ ጠይቂያት።

ስትመለሺ ወደ ነበርሽበት ሥራና ደመወዝ ነው የምትመለሺው። አዲስ የቅጥር ውል ወይም የሙከራ ጊዜ ቅጽ ፈርሚ ካሉሽ አትፈርሚ፤ ወረቀቱን ‹አንብቤ እመልሳለሁ› ብለሽ ያዥውና ለማኅበሩ ወይም ለሥራና ሥልጠና ባለሙያ አሳይው። ከወለድሽበት ቀን ጀምሮ 4 ወር እስኪሞላ የስንብት ጥበቃው አብሮሽ ስለሚኖር፣ ከተመለስሽ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት የሚመጣ የስንብት ደብዳቤም በዚሁ በአንቀጽ 87 ይታያል።